የዘይት ቆርቆሮው ጩኸት

መስከረም 22

ዛሬም አልሆነም። የሬዲዮዬ ማጉያ ሳልናገር ይናገራል።

ማይኩን ነቀልኩ። ከሬዲዮው የሚመጣውንም ገመድ ነቀልኩ። ምንም የሚገባለት ነገር የለም… የመለኪያው መርፌ ግን ሽቅብ ወጥቶ ቁጭ። ትራንዚስተሮቹ እጅ ይልጣሉ። ያወጣውን መልሶ ይበላል፣ የበላውን አጉልቶ ያወጣል፣ ደግሞ ይበላል። እንዲህ ያለ ጠባይ በሰውም አውቃለሁ። ስሙን ዛሬ አልጽፍም፣ ቀኔን አላበላሽም።

ክረምቱን ሙሉ የለፋሁበት ነው እኮ! ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲል በዘይት ቆርቆሮ ውስጥ አንድ በአንድ በየድኩት። ውስጡንም ውጭውንም ሰማያዊ ቀለም ቀባሁት፤ የመካነ ሰላም ጉም ቆርቆሮ አይምርም። ይሄ ሁሉ ለምን? አዲስ አበባ ካለው ቃለ ክርስቶስ ጋር እንደ ሰው ለማውራት። ሁለታችንም የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ አለን። ፊቱን አይቼው አላውቅም፤ ጉንፋን ሲይዘው ግን በድምፁ አውቃለሁ። «ጥቅሙ ምንድን ነው?» ትላለች ሥርጉት። ሚስት ናት፣ ትበል።

እሷው ከሳሎን «ኧረ ቴሌቪዥኑ በረዶ ዘነበበት!» ብላ ስትጮህ አጠፋሁት።

መስከረም 24

ማጉያውን ትቼ በትንሿ ሬዲዮ ብቻ ቃለ ክርስቶስን አገኘሁት። ድምፅህ ከሩቅ እንደሚመጣ ትንኝ ነው አለኝ። የማጉያውን ጉድ ነገርኩት።

«እስቲ አብራው፣ እኔ ልስማ።»

አበራሁ። አጠፋሁ።

«ወንድሜ! ያንተን ሞገድ ብቻ የያዝክ መሰለህ? የጎረቤቱን ሁሉ ወረርከው እኮ። እንዲህ ሆነህ አየር ላይ እንዳትወጣ፣ ነውር ነው።»

ነውር አለኝ። እውነቱን ነው። ሽቦዎቹን አሳጥር አለ። መግቢያና መውጫውን አራርቅ፣ በየትራንዚስተሩ እግር ትንሽ ሬዚስተር ጨምር፣ በመሃል ያቆምከው የቆርቆሮ መከለያ ከመሬት ሽቦው ጋር መነካካቱን እይ… መከለያው? እሱን በብሎን ጥርቅም አድርጌ ነው ያሰርኩት። እሱስ አይደለም።

መስከረም 28

እሁድ። አፋፉ ሚካኤል ሄጄ ከወይራው ሥር ቆምኩ። ከደብሩ የድምፅ ጡሩምባ የሙላው ድምፅ መጣ። «ሄሎ… ሄሎ… አንድ፣ ሁለት…» ቅዳሴው ምን እንዳለ አልሰማሁም።

እሺ፣ አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

የዚያን ደብር ማጉያ ስንት ዘመን በነፃ ጠገንኩ? አምና ወረኢሉ ለቅሶ ሄጄ ሳለ ተበላሸ። ሙላውን ጠሩት። እሱም እንደ እኔ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው፣ ሱቁ ከሱቄ ፊት ለፊት ነው፤ ልጅ ነው፣ ምላሱ ቅቤ ነው። ሳጥኑን ከፈተው። ስመለስ ምን ሰማሁ? «ዋናውን የመዳብ ትራንስፎርመር ጋሽ አሻግሬ አውጥቶታል፣ በቦታው የማይረባ ነው የተከተተው» ብሎ ለሰበካ ጉባኤው ተናግሯል። እኔ! የሚካኤልን ዕቃ! ያንን ትራንስፎርመር በገዛ እጄ ነው የጠቀለልኩት፤ ወረኢሉ ስሄድ በቦታው ነበር። ታዲያ ማን አወጣው? እኔ በሌለሁበት ሳጥኑን የከፈተው አንድ ሰው ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!

ማስረጃ አምጣ አሉኝ። ከየት ላምጣ? ከዚያ ወዲህ የቤተ ክርስቲያን ሌባ ነኝ። ፊት ለፊት ማንም አላለኝም፣ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ሰላምታው አጠረ። «እንዴት አደርክ» ይሉና ዓይናቸው ጫማዬ ላይ ይወርዳል።

አዲሱን ማጉያ የገጠመላቸውም ሙላው ነው። የማይኩን መስመር በተራ የመብራት ገመድ ዘርግቶታል፣ ዛሬ አየሁት። መከለያ የሌለው ገመድ፣ ከአየር ያገኘውን ሁሉ ይለቅማል! ከቤተ ልሔሙ ጓሮ ዞሮ በአጥሩ ላይ፣ ከግቢዬ ባሕር ዛፍ በተዘረጋው አንቴናዬ ሥር ነው የሚያልፈው። ይሄንን የሙያ ሰው ሠራው ይሉኛል።

ጥቅምት 2

ሽቦ አሳጠርኩ። ሬዚስተር ጨመርኩ። ትንሽ ዝም ይልና እንደገና። ጣቴን ቆርቆሮው ላይ ሳሳርፍ ጠባዩ ይለወጣል። ለምን?

ጥቅምት 5

እሁድ። ቤት ቀረሁ። ሥርጉት «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብላ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች። ለእኔ መሆኑ ነው። እንግዲያው ቂም ይዞ ብየዳ ይሻላል ብዬ ቆርቆሮዬ ላይ አቀረቀርኩ።

ቅዳሴ አልቆ ስብከት ተጀመረ። ጡሩምባው ቤቴ ድረስ ይሰማል። ማጉያዬን አበራሁት።

ዊይይይይይ…

ከቆርቆሮዬ አይደለም። ከጡሩምባው ነው! አጠፋሁ። «…ምእመናን፣ ይቅርታ፣ የመሣሪያ ችግር…» ይላል ሰባኪው። አበራሁ። ዊይይይይ! አጠፋሁ። «…ወንድም ሙላው፣ ምንድን ነው ነገሩ?» ይላል።

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ሳቅ ይሁን ሌላ እንጃ… ዓመት ሙሉ ያልሳቅሁት ሁሉ ባንዴ መጣ።

ሥርጉት ስትመለስ፣ «ሙላው ፊቱ በርበሬ መስሎ ከሽቦ ሽቦ ሲሮጥ ብታየው!» አለችኝ። ምን መስሎ? እያልኩ አስደገምኳት።

ጥቅምት 7

ጥፋቱን አገኘሁት። ቀለሙ ነው!

መከለያው በብሎን ታሰረ እንጂ ብረት ከብረት አልተነካካም። በመሃላቸው የኔው ሰማያዊ ቀለም አለ። ዝገት ፈርቼ የቀባሁት! ጉም የማያውቅ አገር ያለ አማተር እንዲህ ያለ ጅልነት አይሠራም። በቢላዋ ፋቅሁት፣ ብሎኑን አጠበቅሁ፣ አበራሁ። መርፌው ዜሮ ላይ ተኛ። ትራንዚስተሮቹ ቀዝቃዛ። ደግሞ በትንሿ መቀበያ ፈተሽኩት፤ ዋናው የጥፋት ድምፅ ይወጣ የነበረው እኔ በምናገርበት ሞገድ ላይ አልነበረም፤ ቃለ ክርስቶስ የሰማው ፍርፋሪውን ነው። በሌላ፣ በጣም ከፍ ባለ ሞገድ ላይ ነው። የሙላው ገመድ የሚለቅመው እሱን ነው። እኔ ስናገርማ ጡሩምባው ጆሮም አይሰጠኝም።

እንግዲህ አለቀ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር…

ከሥርጉት ፌስታል ጫፍ ትንሽ ቀደድኩና ከመከለያው ሥር ሸጎጥኩት። ጮኸ። አወጣሁት። ዝም አለ። ሸጎጥኩት። ጮኸ።

ፌስታሏን ኪሴ ከተትኳት።

ጥቅምት 9

ቃለ ክርስቶስ «ተስተካከለልህ?» አለኝ። ገና ነኝ አልኩት።

ጥቅምት 12

የሚካኤል ጽዋ ማኅበራችን ቀን። የሚቀጥለው ወር ተረኛ እኔ ነኝ። ሥርጉት ብቅሉን አብቅላ ጨርሳለች፣ ጌሾው ተወቅጧል። ቤቱን እንኳ አዲስ ለቅልቃዋለች።

ጸሎቱ አለቀ። የማኅበራችን መሪ፣ ሙሴው ጋሽ ይርዳው ጽዋውን ይዞ ተነሣ። እኔም ልቀበል ብድግ አልኩ። ዓይኑን ከእኔ ሸሸና፣ «መጪው የኅዳር ሚካኤል ትልቅ በዓል ነው… አልታዬ ቢወስደው ምን ይመስላችኋል?» አለ። አልታዬ ከእኔ ቀጥሎ የተቀመጠው ነው። ጽዋው በፊቴ አልፎ ለእሱ ተሰጠ። አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ የአሻግሬ ተራ ነው አላለም። ቁጭ ማለትም አቃተኝ፣ ቆሜ ቀረሁ።

ሥርጉት ቤት ገብታ ብቅሉን አየችው። ድምፅ ሳታወጣ አለቀሰች። እኔን ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሙላው፣ ጠብቀኝ። አባቴ ይሙት፣ አለቅህም!

ጥቅምት 13

ጠዋት ኪዳን ሲያልቅ፣ ማስታወቂያ ሊነገር ሲል። ዊይይይ። እሰይ!

ጥቅምት 19

እሁድ። ሙላው ከደሴ አዲስ ማይክ አስመጥቶ ነበር። ጥሩ ተናገረ፣ እኔም ዝም አልኩ። ዳነ ብለው ይመኑት ብዬ። ሰባኪው «ትዕግሥት ማለት…» ሲል ለቀቅሁት።

ደግሞ ምን ሆነ መሰለህ አለችኝ ሥርጉት። የደብሩ አለቃ አባ ወልደሩፋኤል ጸበል ይዘው መጥተው ማጉያው ላይ ሊረጩ! ሙላው «አባ፣ መብራት አለበት፣ መብራት!» እያለ እጃቸው ላይ ተንጠለጠለ አሉ። ራቴ ከሳቄ ጋር አነቀኝ።

ጥቅምት 23

ሥርጉት ዛሬ አልሳቀችም።

«አሻግሬ፣ ያ ጡሩምባ ሲጮህ የኛ ቴሌቪዥንም በረዶ ይዘንብበታል።»

«አጋጣሚ ነው።»

«ሁልጊዜ?»

«የመብራቱ ችግር ነው አልኩሽ እኮ!»

ጽዋው ሲያልፍ ጊዜ ያለቀስሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ? ልላት ነበር። ተውኩት።

ኅዳር 3

ወሬው ዞረ። ጥሩ አድርጎ ዞረ! መጀመሪያ ሰይጣን ነው ይሉ ነበር። አሁን «ሚካኤል በሙላው ዕቃ ለምን ይጮሃል? የሠራው ሥራ ቢኖር ነው» እየተባለ ነው። ሱቁ ጭር ብሏል። ለእሱ የሰጡትን ቴፕ ተቀብለው ወደ እኔ ያመጡ አሉ። እኔ ሌባው ዘንድ! የሰው ነገር…

ሰበካ ጉባኤው ቁርጡን ነግሮታል። በኅዳር ሚካኤል ከጮኸ ዕቃህን ነቅለህ ትወጣለህ ብለውታል። ከከላላ፣ ከደጎሎ የሚመጣ ሕዝብ ፊት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በዚህ አገር የማን ሬዲዮ ይነካል?

ኅዳር 8

ከሰዓት በሬ ተንኳኳ። ሙላው! አገጩ ሾሏል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል። ሳየው ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ለዚህ ወረቀት ብቻ ልናገር።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ ነበር… ገባ ብለን…»

«ማጉያህ ጮኸብህ? ታዲያ ሌባ ቤት ምን አመጣህ?»

«ለማጉያው አይደለም፣ ጋሼ።»

ዘጋሁበት። ከበሩ ማዶ ሲተነፍስ ይሰማኛል። ሂድ! አልኩት። ቆይቶ ቆይቶ ሄደ።

እንዴት ይጣፍጣል! ግን ለማጉያው ካልሆነ ለምን መጣ? ሊለማመጠኝ ነዋ። ይለማመጥ፣ እኔም ዓመት ሙሉ ማስረጃ አምጣ ተብያለሁ።

ኅዳር 11

ዋዜማ። ከከላላ በበቅሎ የመጡት ከአጥሩ ሥር ሰፍረዋል። የደጎሎ ሚኒባሶች እስከ ወፍጮ ቤቱ ተሰልፈዋል።

ታቦቱ ሲወጣ አልነካም። እሱን አልደፍርም። ቅዳሴውንም፣ ዝማሬውንም አልነካም። ልክ ሙላው አፉን ሲከፍት ብቻ።

ፌስታሏ በቦታዋ ናት።

ኅዳር 12

ተፈጸመ።

ታቦቱ ወጥቶ ቆመ፣ ስብከት ሆነ፣ ስለት ያላቸው እየወጡ በማይክ መናገር ጀመሩ። አንዷ ልጅ ወልዳ፣ አንዱ ከሕመም ድኖ… እልል ይባላል፣ ጃንጥላ ይሰጣል። ጣቴን ማብሪያው ላይ አድርጌ ከመስኮቱ ሥር ቁጭ ብያለሁ። ሥርጉት በዓሉ ላይ ናት።

ከዚያ መጣ። «እኔ ሙላው…» አለ ጡሩምባው። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ደግሞ በስለት ስም ሊመጻደቅ! «ስለ ጋሽ አሻግሬ…» ከማለቱ ዓይኔ ጨለመ። በሕዝብ ፊት ስሜን ሊደግመው ነው! ማብሪያውን ተጫንኩ፣ የኃይሉን መቆጣጠሪያ እስከ መጨረሻው አዞርኩት። አገሩ ተናወጠ። አልለቀቅሁም፣ ጥርሴን ነክሼ ያዝኩት… ጢስ ሸተተኝ። ጧ! ጧ! ሁለቱም ትራንዚስተሮች ሄዱ። ይሂዱ! እሱም ሄዷል።

ማምሻውን። ሥርጉት መጣች። ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«ሙላው እያለቀሰ ነው ማይኩን የያዘው» አለች። «‹ስለ ጋሽ አሻግሬ የምናገረው እውነት አለኝ፣ አምና› አለና… ጮኸ። እንደዛሬ ጮኾ አያውቅም። ሰዉ በግንባሩ ተደፋ። ሙላው ማይኩን ጥሎ ተንበረከከ፣ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልወጣውም።»

«ምን ሊል ነበር?»

«ማን ያውቃል? ሰዉ የሚለውን ልንገርህ? የአሻግሬ ስም ሲጠራ መልአኩ ጮኸ ነው የሚለው። ‹ይኸው መሰከረበት› ነው የሚለው።»

የማንን ስም? አልኳት። እየሰማሁ።

ኅዳር 13

ጠዋት ኪዳን ላይ ጡሩምባው ጥርት ብሎ ተናገረ። ይናገራል እንጂ! ቆርቆሮዬ ተቃጥሏል። ሰዉ ግን «ሌባው ስሙ ከተጠራ ወዲህ ሚካኤል ዝም አለ» ይላል። ሱቄ ፊት አንዲት ሴትዮ አማተበችና መንገድ ተሻገረች። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው።

ኅዳር 14

ሙላው ሊሄድ ነው ሲሉኝ መናኸሪያ ሮጥኩ። የሱቁን ዕቃ አውቶቡስ ላይ እያስጫነ አገኘሁት።

«አምና ብለህ ምን ልትል ነበር?»

መሬት መሬት እያየ ተናገረ። «እኔ ነኝ ልል ነበር፣ ጋሼ። ትራንስፎርመሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ደሴ ነው የሸጥኩት። እርስዎ ስላልነበሩ በእርስዎ ለጠፍኩት። ጩኸቱ ሲበዛብኝ መልአኩ እኔን እየተጣራ መሰለኝ፣ እንቅልፍ አጣሁ። በበዓሉ በሕዝብ ፊት እናገራለሁ ብዬ ተሳልኩ። አስቀድሜ ለእርስዎ ልንገር ብዬ መጣሁ፣ ዘጉብኝ። ልናገር ስል ደግሞ እሱ ራሱ አፌን ዘጋው። አልተቀበለኝም።»

ክንዱን ያዝኩት። «አሁኑኑ አባ ወልደሩፋኤል ዘንድ እንሂድ! ድገመው!»

«አልደፍርም። ሁለተኛ ይጩህብኝ?»

ረዳቱ «ወረኢሉ! ደሴ! አብሽሩ፣ ቦታ አለ!» እያለ በሩን ይደበድባል። ሰውዬው ሊሄድ ነው፣ ስሜን ይዞብኝ ሊሄድ ነው። ምን ላድርግ? ነገርኩት። መልአኩ አይደለም፣ እኔ ነኝ አልኩት። ቆርቆሮውን፣ ቀለሙን፣ ፌስታሏን፣ ያንን መከለያ የሌለው ገመዱን። የሙያ ሰው ነው፣ ሳልጨርስ ገባው።

እንባው ሳይደርቅ ፊቱ በራ። አዎ፣ በራ!

«ለካ አንተ ነህ!» አለኝ። አንተ አለኝ። «ያን ሁሉ ሌሊት ያልተኛሁት ላንተ ነው? ሚካኤል የተቆጣኝ መስሎኝ! ለካ አልተቆጣኝም!»

«ቢሆንስ? ያደረግከው ያው ነው! ና ተናገር!»

«ምኑን? እኔ ምንም አላልኩም። አንተ ነህ በበዓል ቀን በመልአኩ ጡሩምባ የቀለድከው።» ዘሎ ገባ። በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ተካካስን፣ አሻግሬ!» አለኝ።

አውቶቡሱን በድንጋይ ልለው ጎንበስ ብዬ ነበር። መናኸሪያው ሁሉ ሲያየኝ ጣልኩት።

ኅዳር 17

ከቅዳሴ በኋላ አባ ወልደሩፋኤል ዘንድ ገባሁ።

«አባ፣ ጡሩምባውን ያስጮህኩት እኔ ነኝ።»

«ከየት ሆነህ?»

«ከቤቴ።»

«ሽቦ ቀጥለህ?»

«ያለ ሽቦ።»

«በምን?»

«በዘይት ቆርቆሮ።»

አባ መስቀላቸውን አውጥተው ግንባሬን ዳሰሱኝ። የሙላውንም ነገር ነገርኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ሄዷል በተባለ ሰው ማመካኘት ቀላል ነው። ትራንስፎርመሩን ሰው ይሳሳታል ብለን እንተወው። የመልአኩን ድምፅ እኔ ነኝ ማለት ግን…»

«ላሳይዎ! ዳግመኛ ላስጩኸውና በጆሮዎ ይስሙ!»

መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። «እንግዲያው በታኅሣሥ አሥራ ሁለት፣ ማኅበርተኞቹ በተሰበሰቡበት አስጩኸው። ከጮኸ አምንሃለሁ። ሙላውንም ካለበት አስጠርቼ እጠይቀዋለሁ። ካልጮኸ ግን ከማኅበሩ ስምህ ይወጣል፤ ጋሽ ይርዳው ከወዲሁ ጠይቆኛል።»

እሺ አልኩ። እንደሱ ቀላል ነገር የለም! የሙላው ገመድ በቦታው ነው፤ የሚያስፈልገኝ ሁለት ትራንዚስተርና አንድ ፌስታል።

ኅዳር 29

ትራንዚስተሮቹ ከአዲስ አበባ በሚኒባስ መጡ። ቃለ ክርስቶስ ነው የላከልኝ። «የድሮው ዓይነት ከገበያ ጠፍቷል፣ እነዚህ ይሻላሉ» ብሏል። በየድኳቸው። ሥርጉት አምፖል ያዘችልኝ። ሁሉንም ነግሬያታለሁ። «ከጥቅምት ጀምሮ ማወቄን አታውቅም?» ነው ያለችኝ።

ታኅሣሥ 4

አይጮህም።

ፌስታል ሸጎጥኩ። አይጮህም። መከለያውን ጭራሽ አወጣሁት። አይጮህም። ሬዚስተሮቹን ነቀልኩ፣ ሽቦዎቹን አስረዘምኩ፣ መግቢያና መውጫውን አንድ ላይ አሰርኩ። ቃለ ክርስቶስ የመከረኝን ሁሉ ገልብጬ ሠራሁ። መርፌው ዜሮ ላይ ተኝቷል፤ አዲሶቹ ትራንዚስተሮች ጨዋ ናቸው። መስከረምን ሙሉ ዝም በል ብዬ የለመንኩት ዕቃ!

ታኅሣሥ 9

መከለያውን መልሼ ሰማያዊ ቀባሁት። ሦስት ጊዜ ደራርቤ። ቢደርቅ… ቢደርቅ ይሆን ይሆናል።

ታኅሣሥ 12

ቀለሙ ደርቋል። ሁሉን እንደነበረ አድርጌ ገጠምኩ። ሥርጉት በሩ ላይ ቆመች። ጡሩምባው ተከፈተ፣ የአባ ድምፅ መጣ።

«አሻግሬ፣ እየሰማን ነው።»

አበራሁት። ኃይሉን እስከ መጨረሻው አዞርኩ። ጡሩምባው ውስጥ የጋሽ ይርዳው ሳል ይሰማል። ሌላ ምንም የለም። ፌስታሏን ገፋሁ፣ አወጣሁ፣ ቆርቆሮውን በቡጢ መታሁት። ሥርጉት «በቃህ፣ ተው» ትለኛለች። የት ይተዋል? የሬዲዮውን ማይክ ያዝኩና ምን እንደማደርግ ሳላውቅ ጮህኩበት። ጩህ! ጩህ እንጂ! ምን አደረግኩህ? ከመስከረም ጀምሮ ስትጮህ አልነበር? ጩህ ስልህ!

እጄ ዝሎ ማይኩን ለቀቅሁት። «አልጮኸም» አሉ አባ፣ ቀስ ብለው። ጡሩምባው ተዘጋ።

ሬዲዮው ጠረጴዛው ላይ ኮሽ አለ። ቃለ ክርስቶስ ነው።

«ወንድሜ! ምን ሆነህ ነው? ማንን ነው ጩህ የምትለው? ግን ድምፅህ… እንዴት አማረ! አጠገቤ የተቀመጥክ ነው የሚመስለው፣ አንድም ኮሽታ የለው። እንኳን ደስ አለህ!»